የቤቱ ካርድ

ባለፈው ክረምት ከጦርነቱ ሸሽተው የመጡ የካርቱም ሰዎች ወደሰፈሩበት አንድ ትምህርት ቤት ከጎረቤቴ ጋር ምሳ ይዘን ሄድን። የምንኖርባት የሱዳን ከተማ ገዳሪፍ ሌሊቱን ሲዘንብባት አድሮ፣ ጥቁሩ አፈር ጫማዬን እየያዘ አልለቅም ይለኝ ነበር። በረንዳው ላይ አራት ልጆች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። አንዷ ልጅ ድንገት "ሱርዓ!" ብላ ጮኸችና የሆነ ነገር ሲሚንቶው ላይ ጠፍ አደረገች። ካርድ ነው። ከብስኩት ውስጥ የሚወጣ፣ በዓለም ላይ የሌለ አውሬ የተሳለበት ካርድ። ጎንበስ ስል የቫኒላና የረጠበ ካርቶን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ድስቱን አስቀምጬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። "ምነው፣ ሙቀቱ ነው?" አለችኝ ጎረቤቴ። አዎ አልኳት፤ ሌላ ምን ልበላት።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ከተማው ዳር ላይ አንድ ሆሽ፣ ማለትም የጭቃ አጥር ያለው ሰፊ ግቢ፣ ተከራይታ ከመተማ በገላባት በኩል ለሚሻገሩ ልጆች ማደሪያና ምግብ ትሰጥ ነበር። ልጆች እላለሁ እንጂ ለእኔ ያኔ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ ጺማቸውን ገና መላጨት የጀመሩ የአርማጭሆና የቋራ ጎረምሶች። ሰሊጥ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ፣ ጆንያ ይሸከማሉ፣ ከዚያ ወደ ካርቱም ያልፋሉ። ከካርቱም ወዲያ የት እንደሚገቡ ማንም አያውቅም። እኔም ስማቸውን ማጥናት ትቼ ነበር፤ ስም ለምጄ ሳልጨርስ ይሄዳሉና።

የዚያን ዓመት ኸሪፍ ግን (ሱዳኖች ክረምቱን ኸሪፍ ነው የሚሉት) ዝናቡ በዝቶ መንገዱ ስለተበላሸ ሁለቱ ሳይሄዱ ከረሙ። ሀብቴና ደሴ። ሀብቴ ዝምተኛ ነው፤ የጠጣበትን ኩባያ ሁለት ጊዜ አጥቦ ደፍቶ የሚያስቀምጥ ዓይነት ሰው። ደሴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራኝ ነበር። የፊት ጥርሱ ስለተሸረፈ ሲሥቅ አፉን በእጁ ይከድናል። ቀኑን ሙሉ ስለሚሥቅ እጁ ከአፉ ላይ አይወርድም ነበር ማለት ይቻላል። አያ ደሴ እለው ነበር። ወንድም ስላልነበረኝ ቃሉን ማለት ራሱ ደስ ይለኝ ነበር።

ካርዶቹ የመጡት በዚያው ኸሪፍ ነው። ያመጧቸው ሐጂ ኑሩ ናቸው። ሐጂ ከጎንደር የመጡ ነጋዴ ሲሆኑ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እዚያ ሰፈር ሱቅ ነበራቸው። ከሱቁ የሚበልጥ ሥራም ነበራቸው። ከእኛ ሰው አንዱን ፖሊስ ሲይዘው ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ሄደው፣ ሻይ ጠጥተው፣ "የእኔ ሰው ነው" ብለው ያስፈቱታል። አንድ ቀን ከከሰላ የመጣ ብስኩት ካርቶን ሙሉ አስገቡ። በእያንዳንዱ እሽግ ውስጥ አንድ ካርድ አለ። ከላይ የአውሬው ስዕል፣ ከሥሩ ስሙ፣ ከስሙ ሥር አራት መስመር በአረብኛ። ጉልበት፣ ሱርዓ ማለትም ፍጥነት፣ መሰወር፣ የመጨረሻው ደግሞ ዓይብ። ሦስቱ በቁጥር ናቸው። ዓይብ ግን በቃል ነው የሚጻፈው፤ አውሬው በምን እንደሚሸነፍ ይናገራል። አንዱ እሳት ይፈራል፣ አንዱ ስሙን ከጠሩት ይደነግጣል፣ አንዱ ከጠገበ እንቅልፍ ይጥለዋል። እኔ ከሦስቱ ቁጥሮች ይልቅ ዓይቡን ነበር የማነበው። ይኼን የሚያህል አውሬ እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር መሸነፉ ያስገርመኝ ነበር።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሁለት ልጆች ካርዳቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይቀመጣሉ። ተራ የደረሳት አንዱን መስመር ትጠራለች፤ ሁለቱም ገልጠው መሬቱ ላይ ጠፍ ያደርጋሉ፤ በዚያ መስመር ቁጥሯ የበለጠላት ሁለቱንም ትወስዳለች። ከመጀመሩ በፊት ግን ሁሌም "ሌላ የለሽም?" ተብሎ ይጠየቃል። መልሱም ሁሌ "የለኝም" ነው። ምርጥ ካርዷን ተቀምጣበት እንኳን ቢሆን "የለኝም" ነው የምትለው። ይኼ ውሸት አይባልም ነበር። የጨዋታው ወግ ነው፣ ማንም አይቀየምም።

ደሴ አረብኛ ማንበብ ቀርቶ መናገሩም ገና ከሰላምታ አላለፈለትም ነበር። ካርዱን ሁሉ የማነብለት እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ ለአውሬዎቹ አዲስ ስም ያወጣላቸዋል። የግመል እግር ያበቀለውን ዓሣ "አማቼ" አለው። ሦስት ራስ ያለውን አንበሳ ደግሞ "ዛቢጡ" ብሎ ሰየመው፤ ዛቢጥ የፖሊስ መኮንን ነው። "ለምን?" ስለው "አንዱ ራሱ ይተኛል፣ አንዱ ይበላል፣ አንዱ ይጮኻል" አለኝ። ስሙን ውጭ እንዳልናገረው አስምሎኝ ነበር፤ እኔም ለሪሃም እንኳን አልነገርኳትም።

ሪሃም የጎረቤታችን ልጅ ናት። እናቷ የጎንደር ሰው ብትሆንም እሷ እዚያው ተወልዳ ስላደገች ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ ጀምራ በአረብኛ ትጨርሰዋለች። በካርድ ማንም አይችላትም። አንድ ቀን ያለኝን ሁሉ አራግፋ በላችኝና እያለቀስኩ ገባሁ። ደሴ የብስኩቱን ካርቶን ቆርጦ፣ በእናቴ እስክሪብቶ ይስልልኝ ጀመር። "ምን ልሣልልሽ?" "አንተን።" የወፍ እግር ያለው፣ ጥርሱ የተሸረፈ፣ መኮትኮቻ የያዘ ሰው ሣለ። ቁመቱን ትልቅ እንዲያደርገው ስለለመንኩት በቤቱ ካርድ ለክቶ ነው የቆረጠው። ስለ ቤቱ ካርድ አሁን እነግራችኋለሁ። ጽሕፈቱ የእኔ ነበር። "ጉልበት ስንት ልበል?" "መቶ።" "ሱርዓ?" "መቶ።" "መሰወርስ?" "እሱንም መቶ አድርጊው፣ ምን ቸገረሽ።" "ዓይብህስ?"

"እኔ ዓይብ የለኝም።"

"ዓይብ የሌለው የለም። ሕጉ ነው።"

"እንግዲያ አንች ፈልገሽ ጻፊ።"

አሰብኩና በአረብኛ "አያነብም" ብዬ ጻፍኩ። ምን እንዳልኩ ቢለምነኝ አልነግርህም አልኩት። አፉን ከድኖ ሣቀ። በራሴ ብልጠት በጣም ኮርቼ ነበር።

የቤቱ ካርድ ደግሞ ይኼ ነው። ከእናቴ በር ኋላ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል። ከእነ ደሴ በፊት እኛ ጋ ያረፈ ያሬድ የሚባል ልጅ፣ ወደ ሊቢያ ሲያልፍ ከዚህ በኋላ አይጠቅመኝም ብሎ የተወው የስደተኛ መታወቂያ ነው። ያለሱ መውጣት አይቻልም፤ ከሻ አለ። ከሻ ማለት ፖሊስ ድንገት መኪና አቁሞ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ የሚያፍስበት ነው። የታፈሰው ታስሮ ይቆይና በመኪና ገላባት ተወስዶ ከድንበሩ ማዶ መተማ ላይ ይራገፋል። የያሬድ ፎቶ በላብና በዝናብ ታጥቦ ግንባርና አንድ ጆሮ ብቻ ቀርቶት ነበር። ስለዚህ ለማንም ይሆናል። ጠርዙ እየተላጠ ስላስቸገረ እናቴ ሱዳኖች አንገታቸው ላይ የሚያስሩትን ክታብ አስመስላ የቆዳ ከረጢት አሰፋችለት። ሀብቴ ጠዋት አንገቱ ላይ አድርጎት ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ መልሶ ይሰቅለዋል፤ ከሰዓት ደሴ ያጠልቀዋል። ተራው ያልሆነው ግቢ ውስጥ ይቀመጣል። ከረጢቱ ፖሊስ ካልጠየቀ በቀር አይከፈትም። ዓርብ ሥራ ስለሌለ ማንም አይወጣም፣ ካርዱም ቀኑን ሙሉ ምስማሩ ላይ ያርፋል።

ለሁለቱም ያሬድነትን የማስጠናቸው እኔ ነበርኩ። የእንጨት ማማሰያ ይዤ ፖሊስ እሆናለሁ። "ኢስመክ ሚኑ?" እላለሁ፣ ስምህ ማን ነው። ሀብቴ ቀጥ ብሎ ቆሞ "ያሬድ" ይላል። ደሴ "ደ..." ብሎ ይጀምርና "ያሬድ!" ይላል። በማማሰያው ጉልበቱን መትቼ "ታሰርክ!" እለዋለሁ። እናቴ ግን አንድም ቀን ሥቃ አታውቅም። "ድገሙት" ትላለች ሽንኩርቷን እየከተፈች።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ላዩ ላይ ስዕል አለው፣ ከሥሩ ስም አለው፣ ከዚያ መስመሮች በአረብኛ፣ ከዚያ ቁጥር። ከብስኩቱ ከወጡት ሁሉ ትልቁ ጉልበት ዘጠና ዘጠኝ ነው። የቤቱ ካርድ ቁጥር ስምንት አሃዝ ነበረው። ያንን ያጠለቀ ሰው ፖሊሱን ያሸንፋል፤ ያላጠለቀ ይሸነፍና ይወሰዳል። እኔ ሁለት ጨዋታ አልታየኝም። ትልልቆቹም የእኛኑ ጨዋታ ነው የሚጫወቱት፤ ካርዳቸው ብቻ የእኛን ይበልጣል።

ሀብቴ አንዴ ያለ ካርድ ተይዞ ተመልሶ ነበር። በሦስተኛው ቀን በእግሩ ተሻግሮ መጣና ቁጭ ብሎ እራቱን በላ። ደሴ ግን የመተማ ስም ሲነሣ ፊቱ ይለዋወጣል። እናቴን ጠየቅኳት። "እሱ ደም አለበት" አለችኝ። ታላቅ ወንድሙ በእርሻ ወሰን ተጣልቶ ሰው ገድሎ ጠፍቷል፤ ከቤቱ የቀረው ወንድ ደሴ ብቻ ነው። የሟች ወገኖች መተማ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች አሏቸው፤ ደሙን ይፈልጋሉ። እኔ የማውቀው ወባ ሲያመን ክሊኒኩ ጣታችንን ወግቶ የሚወስደውን ደም ነበር። "ታዲያ ለምን አይሰጣቸውም?" አልኩ። እናቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ ትንሽ አየችኝ። "ሁሉንም ነው የሚፈልጉት" አለችኝ።

ስውርን የተመኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስውር የሪሃም ካርድ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ደሴ ነው። የድመት ፊት ያለው ግራጫ ክንፋም ነው። ገላው ግማሹ አልተሳለም፣ አይታይማ። ጉልበቱ አሥራ ሁለት ቢሆንም መሰወሩ ዘጠና ዘጠኝ ነው። ዓይቡ "ዝናብ ሲነካው ይታያል" ይላል። አያ ደሴ ከቤቱ ካርድ ጋር ይኼን ደረቱ ላይ ቢያደርግ መተማም ቢወስዱት ማንም አያየውም ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ብቻ ሳይሆን አመንኩ። ሪሃም ግን ስውርን ለጨዋታ አታወጣውም። "ምን ታስይዣለሽ?" ትለኛለች። ምን አለኝና።

ሐሙስ ደሴን ወባ ነገር ስላደረገው ካርዱን ቀኑን ሙሉ የያዘው ሀብቴ ነበር። አመሻሽ ላይ መጥቶ ሰቀለው። በነጋታው፣ ዓርብ፣ እናቴ ሽንኩርት ልትገዛ ሱቅ ወጣች። ደሴ ተሽሎት ልብሱን ያጥባል፣ ሀብቴ ተኝቷል። ከረጢቱን አውርጄ ያሬድን አወጣሁት። ከረጢቱ ባዶውን ሲንጠለጠል እንዳያስታውቅ ደሴ የሣለልኝን ካርድ ከተትኩበትና መልሼ ሰቀልኩት። ልኩ ነበር። ዓርብ ነው፣ ማንም አይወጣም፣ እስከ ምሳ እመልሰዋለሁ አልኩ።

ሪሃም አገላብጣ አየችው። "ወላሂ ይኼ ካርድ አይደለም! ቢታቃ ነው፣ የመንግሥት መታወቂያ ነው።"

"ስዕል የለውም? ስም የለውም? ቁጥሩን ቁጠሪ።"

ቆጠረች። ዓይኗ ፈጠጠ። ስውርን ከጉያዋ አወጣችው። ማን ይጀምር የሚለው ብቻ ቀረ። እሷ ጀምራ "መሰወር" ካለች አለቀልኝ፤ የቤቱ ካርድ እንዲህ ያለ መስመር የለውም። ጠፍጣፋ ገል አንሥተን በአንድ ጎኑ ምራቅ ተፋንበት። እሷ ደረቅ አለች፣ እኔ እርጥብ። ገሉን ወረወረችው። እርጥቡ ወደ ላይ ሆነ። "ሌላ የለሽም?" አለችኝ። "የለኝም።" "ጉልበት!" ብዬ ጮኼ ጠፍ አደረግኩት።

ሁለቱን ካርዶች ቀሚሴ ውስጥ ሆዴ ላይ ለጥፌ እየሮጥኩ ስመለስ ዝናብ ጀመረ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የግቢው በር ተከፍቷል። ምስማሩ ባዶ ነው። ሀብቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ሰማዩን ያያል።

"አያ ደሴስ?"

"ወደ ፋው የሚሄድ ሎሪ መጣ። አንድ ሰው ብቻ የሚሆን ቦታ አለ፣ መንገዱ ሳይዘጋ አሁኑኑ ና አለው ሹፌሩ። እርሻ ላይ ሥራ አለ ተብሎ ነው። ካርዱን በሹፌሩ መልሶ ይልከዋል።" ከዚያ ቀስ ብሎ "ጠርቶሽ ነበር፤ አጣሽ" አለኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሀብቴ ሯጭ ነው፣ ሎሪው ከተማውን እንኳን አልወጣም። እኔ ግን ገብቼ አልጋ ሥር ተቀመጥኩና ዝናቡን አዳመጥኩ።

ሐጂ ኑሩ የመጡት ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ሊመሽ ሲል ነው። የጀለቢያቸው ጫፍ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆኗል። እናቴ ተነሥታ ቆመች።

"ጥሩነሽ፣ ደሴን ይዘውታል።"

"ካርዱ አለው እኮ!" አለች እናቴ።

"ሎሪው ከተማው መውጫ ላይ፣ ልክ ኬላው ፊት ጭቃ ያዘው። ውረዱና ግፉ ተባለ። የወረደውን ሁሉ ፖሊሱ ወረቀት ጠየቀ። ደሴ ከረጢቱን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠ። ሳይፈራ ነው የሰጠው አለኝ ሹፌሩ።" ሐጂ የጀለቢያቸውን ጫፍ ጨመቁ። "የልጅ መጫወቻ ነው የወጣው። ዛቢጡ ጮክ ብሎ አነበበው። ጉልበት መቶ፣ ሱርዓ መቶ፣ መሰወር መቶ። ዓይብ፣ አያነብም። ፖሊሶቹ ሁሉ ሣቁ። ደሴም የተባለው ስላልገባው አፉን ይዞ አብሯቸው ሣቀ። ዛቢጡ ይኼን ሲያይ አሾፈብኝ ብሎ ቱግ አለ።"



"ባዶ እጁን ቢሆን ኖሮ እስካሁን አስፈትቼው ነበር" አሉ ሐጂ። "ስንቱን አስፈትቻለሁ። አሁን ግን ማለዳ ወደ ገላባት ይጫናል ብሎ ዛቢጡ ማለ። ለምኜ ለምኜ አንድ ነገር እሺ አለኝ። እውነተኛውን ካርድ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካመጣሁለት፣ ልጅ ቀይራበት ነው ብዬ አስረዳዋለሁ። የት ነው ያለው?"

እናቴ ወደ ሀብቴ ዞረች። "ትናንት ቀኑን ሙሉ የያዝኸው አንተ ነህ። የሰቀልኸውም አንተ ነህ።"

"እታለም፣ እንዳለ ነው የሰቀልኩት።"

"ሸጥኸውና የልጅቷን መጫወቻ ከተትህበት?"

"በማርያም! እኔ? የደሴን ነገር እያወቅሁ?"

"ሸጥኸው ወይ ነው የምልህ!" እናቴ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ሀብቴ የልብስ ላስቲኩን፣ ኪሱን፣ ፍራሹን ሁሉ መሬት ላይ ይዘረግፍ ጀመር።

ሐጂ እኔን አዩኝ። መጥተው ፊቴ ቁጢጥ አሉ፤ ጢማቸው ላይ የዝናብ ጠብታ ነበር። "ማርታ፣ ልጄ፣ ካርድ አለሽ?"

ሁለቱም ሆዴ ላይ ነበሩ፤ ላቤ አጣብቋቸዋል። እጄን ሰድጄ አንዱን አወጣሁ። ስውርን።

"ይኼን ስጡልኝ" አልኩ። "ማንም አያየውም። ዝናብ ብቻ እንዳይነካው በሉት።"

ሐጂ ካርዱን ፊትና ጀርባውን አዩት። ዓይኖቼን ደግሞ ከዚያ የረዘመ ጊዜ አዩኝ። ሱቃቸው በር ላይ ስንጫወት ስንት ጊዜ ሰምተውናል፤ ወጉን ያውቁታል።

"ሌላ የለሽም?" አሉኝ።

"የለኝም።"

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። የእናቴን ጩኸት ፈርቼ ነው። ስውር ይበቃዋል ብዬም ነው። ፍርሃቱን ትቼ እምነቱን ብቻ ብናገር ራሴን ማባበል ይሆናል፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። ሐጂ ቁጢጥ እንዳሉ ጠበቁኝ። መስጊዱ ለመግሪብ አዛን ሲያደርግ ካርዱን ደረት ኪሳቸው ከተው ወደ ዝናቡ ወጡ። ሲወጡ ሀብቴ ፍራሹን እየቀደደ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጫኑት። ሐጂ ደርሰው ነበር፤ ስውርን ሰጡት። "ማን ናት፣ ማርታ ናት?" ብሎ ሣቀ አሉ። "ያንብቡልኝ" አላቸው። አነበቡለት። ዓይቡ ላይ ሲደርሱ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና ካርዱን ከሸሚዙ ሥር ከተተው። አሁንም እያካፋ ነበር።

ዝናቡ ከቀለለ በኋላ አንድ ሹፌር ከገላባት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ለእናቴ ሲነግራት ከአጥሩ ኋላ ሆኜ አንዲት ቃል ብቻ ሰማሁ። "አገኙት" አላት። እኔ ዘልዬ ወደ ሪሃም ሮጥኩ። "አያ ደሴን አገኙት! አገኙት!" ተቃቅፈን ጨፈርን። ስመለስ እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አፈር ራሷ ላይ ትበትናለች፤ ሴቶች ከየቤቱ ወጥተው እየመጡ ነው። ከመተማ መናኸሪያ እንኳን ሳይወጣ እንደገደሉት የነገረችኝ የሪሃም እናት ናት። የነገረችኝም ዝም እንድል እንጂ እንዳውቅ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከሀብቴ ጋር አብሮ የሚበላ ጠፋ። እናቴ ሳህኑን ለብቻው ታቀርብለታለች፣ ቃል አትናገረውም። እሱም በልቶ ሳህኑን ሁለት ጊዜ አጥቦ ደፍቶ ያስቀምጣል። ጭቃው ሲደርቅ ወደ ከሰላ ልሄድ ነው አለ። ያለ ካርድ። ልብሱን በላስቲክ ይዞ በሩ ላይ አገኘኝ።

"ማርታ፣ አንች ታምኝኛለሽ?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"እንግዲያ ሲበርድላት ለእታለም ንገሪልኝ። እኔ አልሸጥኩም።"

"እሺ" አልኩት። ስለ እሱ ከዚያ ወዲያ የሰማ የለም። ሐጂ ኑሩ ደግሞ ብስኩት ልገዛ ስሄድ እሽጉን ከመስጠታቸው በፊት ያዝ አድርገው ያዩኝ ነበር። እናገር እንደሆነ ነው። አልተናገርኩም። አንድ ቀን እሽጉን ራሳቸው ከፈቱና ካርዱን አውጥተው ብስኩቱን ብቻ ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ሁሌ እንደዚያ አደረጉ። እናቴ እስክትሞት ድረስ የሀብቴን ስም ያለ እርግማን አልጠራችም። ምስማሩንም ከግድግዳው አልነቀለችውም።

ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ልጆቹ ምሳቸውን ሲጨርሱ፣ ያቺ "ሱርዓ" ብላ የጮኸችው ልጅ መጥታ ቀሚሴን ጎተተችኝ። "ኻልቶ፣ ካርድ አለሽ?" አለችኝ በአረብኛ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። በመንገድ የገዛሁትን የብስኩት እሽግ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ቀድዳ ብስኩቱን ለትንሽ ወንድሟ አቀበለችና ካርዱን አየችው። መጀመሪያ ዓይቡን ነው ያነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ እንደ ወጉ፣

"ሌላ የለሽም?" አለችኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከራሴ መታወቂያ ጀርባ፣ ግንባርና አንድ ጆሮ ብቻ የቀረው የያሬድ ካርድ አለ። ከዚያች ዓርብ ጀምሮ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም። የቦርሳዬን ዚፕ ዘጋሁት።

"የለኝም" አልኳት።